አዲሱ ነው ያልኩት ጎማ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ጎረቤት ነው የሚደግፍሽ? የዓይንሽ ጠብታ አልቆ እንደሆነ እኅቴ ትግዛልሽ። እኔን ሕመም አልነካኝም። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ አምስት ወር ሙሉ እንደዚያ እያልኩ ጽፌልሻለሁ፣ ይበቃል።

እማዬ፣ ስለ ጀልባዋ የሰማሽው ልክ አይደለም።

ሞተሯ ከውስጥ ነው፤ ውሃውን የሚገፋው እግሯ ግን ከኋላ፣ ከውጭ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ በጀርባዋ ቀዳዳ ያልፋል። ቀዳዳውን ውሃ እንዳያስገባ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ወፍራም ጎማ ይሸፍነዋል። እሱ ተቀደደ። አዲስ አዘዝን፤ ሲመጣ ጠበበ። ልኩን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ጋራዥ ውስጥ «አንተ እኮ በዓይንህ ትለካለህ» እያሉ የሚያሞካሹኝ ሰውዬ፣ ተሳሳትኩ ማለት ሞት መሰለኝ። ከጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ፣ በማስቲሽ ለጥፌ፣ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ጀልባዋን ውሃ ላይ ካወረድናት በኋላ ታናሼ መጣና «አዲሱን ገጠምከው?» አለኝ። «አዎ፣ አዲሱ ነው» አልኩት። ጥገና መሆኑን ቢያውቅ ሰው አይጭንባትም ነበር። ታውቂው የለ፣ ደመና ሲያይ እንኳ ሁለቴ የሚያስብ ልጅ ነው።

አሥራ አንድ ቀን ያዘ። እኔም ረሳሁት፤ እውነቴን ነው፣ ረሳሁት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ታናሼ ስምንት ሰው አሳፍሮ ሲሻገር ነፋስ ተነሣ። ከድንጋዩ ለመሸሽ መሪውን ሲጠመዝዝ እግሯ ዞሮ ሽቦው ላስቲኩን በላው። ውሃው በወለሉ ሥር ስለገባ ያወቁት ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ሰባቱን ዓሣ አጥማጆች አወጧቸው። ታናሼ ሦስት ጊዜ ጠልቆ ፈልጎ ያጣት አዋላጇን ነበር፤ ሁላችንንም ተቀብላ እቅፍሽ ላይ ያስቀመጠችንን ጓደኛሽን።

ጀልባዋ ስትወጣ መርማሪው ላስቲኩን አንጠልጥሎ «ይህን የሠራው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ታናሼ ሽቦውን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ። «እኔው ነኝ» አለ። እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ቆሜ ነበር። መጥረጌን ቀጠልኩ።

እስር ቤት ሄጄ ምን ነካህ ስለው «አንተ ሦስት ልጅ አለህ፣ እኔ ምን አለኝ?» አለኝ። ደግሞም «እማዬ አንድ ቀን ብቅ ትል ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ጉልበቷን አሟት ነው አልኩት። «ያን ሰካራም አልወለድኩትም» ብለሽ ስሙ ቤት ውስጥ እንዳይነሣ መከልከልሽን በምን አፌ ልንገረው? ጠጥቶ አያውቅም፣ እማዬ። ጠጥቶ ነበር የሚለውን ወሬ ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። አንቺ ግን በየደብዳቤሽ ትመርቂኛለሽ። በመጨረሻው ላይ «አንተ ባትኖርልኝ በማን እኮራ ነበር» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ።

ሰኞ ለባለቤቴ ነገርኳት። አልቅሳ ሲወጣላት ወፍራሙን ሹራቤን አምጥታ «እዚያ ይበርዳል» አለችኝ። ይህን የምጽፍልሽ እጄን ሰጥቼ እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ መርማሪው በሰጠኝ ወረቀት ነው። ታናሼን ሐሙስ እንደሚለቁት ነግሮኛል። ልጆቼን አልፎ አልፎ እያስጠራሽ እያቸው፤ ትልቋ ነገር ይገባታል፣ ስትጠይቅሽ አትዋሺያት።

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ። እኔን መርቂኝ አልልሽም። ይህን ወረቀት ያቀበለሽ ሰው አሁንም ደጅ ቆሞ ይሆናል፤ ካልጠሩት አይገባም። በጣም ከስቷል፣ አትደንግጪ። ክፈቺለት።

የበኩር ልጅሽ