“ለወንድ ቅጽ የለንም” ላሉት ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ቴዎዱልፎ ፓልማሬስ፣
የማናሊግ ቀበሌ ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ እነዚያ ለፍልሚያ የሚቀልቧቸው አውራ ዶሮዎችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ለቅድስት ድንግል ምስጋና ይድረሳትና፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆዴ እየሳቅሁ እገኛለሁ። ለዚህ ያበቃኝን ውለታዎን በአደባባይ ሳላመሰግን እህል አይወርድልኝም።

አንደኛ፣ በየካቲት ባለቤቴ ሮሳውራ የፈላ የዓሣ ሾርባ ትከሻዬ ላይ ደፍታብኝ ቆዳዬ ተልጦ ቢሮዎ ስመጣ፣ ከወንበርዎ ድረስ ተነሥተው ቁመቴን በዓይንዎ ስለለኩልኝ አመሰግናለሁ። “አንተ ወደብ ላይ ሃምሳ ኪሎ ሩዝ የምትሸከም ግንድ! እሷ እኮ ከነጫማዋ አርባ አምስት ኪሎ አትሞላም!” እስካሉኝ ቀን ድረስ ቀበሌያችን ሚዛን እንዳለው አላውቅም ነበር። ዘበኞቹንም ጠርተው “ኑ እዩ፣ ሚስቱ የደበደበችው ጀግና!” ስላሉልኝ፣ ሕመሜን ብቻዬን ከመታመም ድኛለሁ።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊዋ ቅጹ “ተበዳይዋ” እንጂ “ተበዳዩ” እንደማይል ስትነግረኝ፣ እርስዎ “ለወንድ ቅጽ የለንም፤ ይልቅ አበባ ገዝተህ ግባ” ብለው በነጻ መከሩኝ። ገዛሁ፤ ጽጌረዳ። ሮሳውራ በዚያው ጽጌረዳ ፊቴን ገረፈችኝ። እሾሁን ሳላስነቅል መግዛቴ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ቀበሌውን አልወቅስም።

ሦስተኛውን ውለታ የዋሉልኝ ግን ሳያውቁት ነው። በግንቦቱ በዓላችን የዘፈን ውድድር ላይ ስሜን ራስዎ ጠርተው ማይክራፎኑን ሰጡኝ። የወጣሁት ልዘፍን ነበር፤ ሙዚቃው ሲጀምር ግን ሌላ ነገር አመጣሁ። ሸሚዜን ከትከሻዬ ገለጥ አድርጌ፣ “ይህን ያደረገችው ሚስቴ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፈርቼ ኖርኩ። መልሼ አልመታኋትም፤ መምታትም አልፈልግም። በሰላም መኖር ብቻ ነው የምፈልገው” አልኩ። ሰው ሳቀ። እርስዎም፣ ጥርስዎ ሲያምር፣ ሳቁ።

ያኔ ዓሣ ሻጯ እማማ ፔርፔቱዋ ከመጥበሻቸው ኋላ ብድግ አሉ። “ምን ያስገለፍጣችኋል? የኔ ባል ጥርሴን ሲያወልቀውም እንዲሁ ስቃችኋል!”

ይህን ጊዜ መረብ ጠጋኙ ጋሽ ፕሮኮፒዮ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “እኔንም… እኔንም ሟቿ ሚስቴ ትመታኝ ነበር። ለማን ልንገር?” አሉና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ወርጄ አቀፍኳቸው። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሙዚቃው አላቆመም ነበርና፣ እሳቸውን እንዳቀፍኩ ዘፈንኩት! ድምፄ ፍየል ያስበረግጋል። ሕዝቡ ግን እያለቀሰ አጨበጨበ፤ እማማ ፔርፔቱዋ መጭለፊያቸውን ይዘው ጨፈሩ፤ በውድድሩም ሁለተኛ ሆንኩ።

ዛሬ የምኖረው እህቴ ቤት ነው። ሮሳውራ ቤቱን ይዛለች፤ እኔ እንቅልፌን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጋሽ ፕሮኮፒዮ ግቢ አሥራ አራት ወንዶች እንሰበሰባለን፤ አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ የቦክስ አሠልጣኝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ሁሉ “እኔ እንኳ ጓደኛዬን ወክዬ ነው” ይላል። ጋሽ ፕሮኮፒዮም “ለጓደኛህ ወንበር አምጣለት” ይሉታል። እንስቃለን፤ ከዚያ ሰውየው ማልቀስ ይጀምራል፤ ማንም ቁመቱን አይጠይቀውም።

እጅ ለመንሳት ቢያጎነብስ መልሶ ቀና ማለት እንዳያቅተው የሚሰጋው፣
ለክቡርነትዎ ዕድሜና ጤና ከልቡ የሚመኝ ትሑት ነዋሪዎ፣

ክሪሳንቶ ማግባኑዋ

ማሳሰቢያ፦ የእሑዶቹ ወንዶች ከእናቶቻቸውና ከእህቶቻቸው ጋር ሲደመሩ ሠላሳ ስምንት መራጮች ናቸው፤ ክቡርነትዎ ባለፈው ምርጫ ያሸነፉት በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ዘንድሮም ብቻዎን አይወዳደሩም፤ እማማ ፔርፔቱዋ ትናንት ጠዋት በዕጩነት ተመዝግበዋል።