ሚጣ ያዘዘችው ሸክላ

ሚያዝያ 3

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፤ የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። ከሰዓት የሙዚቃ ሱቁ ሰውዬ ደወለ። ልጄ ሚጣ ከመታመሟ በፊት ከፍላ ያዘዘችው ሸክላ መጥቷል አለ። እሷ ካረፈች አምስት ወሯ... ዕቃዋ ገና አሁን ይመጣል።

ሄጄ ተቀበልኩ። ዋጋውን ሲነግረኝ ደነገጥኩ። ለአንድ ሸክላ? ያዳምጡት፣ ካልወደዱት እስከ ሚያዝያ አስራ አምስት ይመልሱልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥዎታለሁ አለ።

ሚያዝያ 4

ወንድሜ መጣ። ሽፋኑን አገላብጦ አየው። ዘፋኝ የለ፣ ክራር የለ፣ ሁሉም በኮምፒውተር።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የፍሪጅ ድምፅ ነው። መልሺውና የሚረባ ነገር ግዢበት።»

ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ... እኔ ግን ልብስ ገልብጬ የውስጡን ስፌት ሳላይ ዋጋ አልናገርም። ይሄንንም ሳልሰማ አልፈርድም።

ሚያዝያ 6

ሚጣ ክፍል ገባሁ። የማጫወቻዋን አቧራ ጠረግኩ። መርፌውን ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። መርፌ ለኔ አዲስ አይደለም።

ከባድ፣ የሚጎተት ድምፅ። ከሩቅ የሚመጣ የደከመው ሰው ይመስላል... ይቆማል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሄዳል። ቃል የለውም። ግን አለቀስኩ። ደህና አድርጌ።

ሚያዝያ 9

በየቀኑ ሰማሁት። ዋጋው ይገባዋል፤ ወንድሜ የፈለገውን ይበል። አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረኛል። ይሄን የምትወድ ልጅ እንዴት ብታዝን ነው? ግድግዳ ተጋርተን፣ እኔ የት ነበርኩ?

ሚያዝያ 12

እንደማስቀረው ልነግረው ሱቁ ሄድኩ። የሐዘን ሙዚቃ ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው አልኩት። ሰውዬው ግራ ገባው።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የጭፈራ ነው።»

የማጫወቻው የፍጥነት ቁልፍ ስንት ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሠላሳ ሦስት። አርባ አምስት መሆን ነበረበት። ስድስት ቀን ሙሉ እያንቀራፈፍኩ ነው የሰማሁት! ሳቁን ሊውጥ ሲታገል እኔ ቀድሜው ሳቅኩ።

ቤት ገብቼ ቁልፉን ገፋሁት። ያ የደከመው ሰው ሮጠ። ድም፣ ድም፣ ድም... ሸክላው አዲስ ነው፤ ምቱን ግን አወቅኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በግድግዳው የሚመጣው የእግሯ ምት። የስፌት ጠረጴዛዬ ሲንቀጠቀጥ መቀሴ ይወድቅ ነበር። «ቤቱን ልታፈርሺው ነው?» እላታለሁ። «እማ፣ ነይ አንቺም» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም። ሁሌ የሰው ሱሪ እጄ ላይ ነበር።

አላዘነችም ነበር። ልጄ ትጨፍር ነበር።

ሚያዝያ 15

የመመለሻው ቀን። ወንድሜ ሊሸኘኝ መጥቶ የስፌት ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። አልመልስም አልኩት። እና ያን ሁሉ ያወጣል? አለኝ። ያወጣል አልኩት። ሲያሰኘኝ የማለቅስበት፣ ሲያሰኘኝ... ቀሪውን አልነገርኩትም።

ሚጣ ክፍል ገባሁ። በአርባ አምስት ከፈትኩት። ጫማዬን አወለቅኩ። ወለሉን ከምቱ ጋር በእግሬ መታሁት።

ወንድሜ ከወዲያ ጮኸ።

«እትዬ፣ መቀስሽ ወደቀ።»

«ተወው» አልኩት። «ና አንተም።»