ከፀጉር ቤት ወደ ምክር ቤት

እታለም፣

«ይሄ ሰውዬ እኮ ምክር ቤት ነው መግባት ያለበት!» አለ አንድ ደንበኛዬ፤ ፂሙን ላጭቼው እንደወጣ፣ ደጅ ለሚጠብቀው ጓደኛው። በመስኮቱ ሰማሁት፤ አመንኩትም።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ከደረጃው ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴማ በጣም ደህና ናት።

የሰማሁትን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፎጣውን ቁጭ አድርጋ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። በማግስቱ ከምርጫ ጽሕፈት ቤት የዕጩ መመዝገቢያውን ያመጣችውም እሷው ናት። የድጋፍ ፊርማ ያሰባሰብነው እዚያው ሱቅ ነው፤ እኔ ምላጭ እንደያዝኩ እጠይቃለሁ፣ እሷ እስክሪብቶ ታቀብላለች። ግማሽ ፊቱ አረፋ ሆኖ እንቢ ያለኝ ሰው የለም።

አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ወንበር ኋላ ቆሞ «ቀና በል» ከማለት በቀር ትንፍሽ እንዳላለ ታውቂያለሽ። ሱቁን ሲያወርሰኝ የጎደለው ጨዋታ ብቻ ነው ብዬ፣ እሱን ሞላሁበት።

የመጀመሪያው የቅስቀሳ ስብሰባ ሜዳ ላይ ነበር። ስለ መንገድ መብራት መናገር ስጀምር አንዱ ተነስቶ ሄደ። ሌላው ተከተለው። እታለም ሙች፣ እኔ እያወራሁ ሰው ተነስቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም! ለካ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ የሚወጣ ሰው የለም። የምለው ቢጠፋኝ «እስቲ እናንተ ንገሩኝ» አልኳቸው። ነገሩኝ። የሄዱትም ተመለሱ። አንዲት ሴትዮ ስለ ተደፈነው ቦይ ብቻ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ተናገረች። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ሳንኳኳም ሥራዬ ይኸው ሆነ፤ መስማት። ተቀናቃኜ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ እሳቸው እስከ መጨረሻው አስተማሩ።

አሸነፍኩ፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። ደንበኞቼ አንድ ሳይቀሩ ወጥተው መርጠውኛል። አንደኛው ታሞ ተኝቶ ሳለ በልጁ ተደግፎ መጣና አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «እሰይ! ጸሎታችን ተሰማ!» አለኝ።

ሱቁን አሁን ባለቤቴ ይዛዋለች። እጇ የአባታችን እጅ ነው፤ እንደሱም ስትሠራ አትናገርም። ተራ የሚጠብቀው ስለበዛ አግዳሚ ወንበር ጨምራለች። ትናንት ላግዛት ገብቼ መቀስ ባነሳ «ኧረ ነውር ነው፣ የሕዝብ ተመራጭ ሆነህ!» ብላ ከእጄ ተቀበለችኝ። ወንበሩ ላይ የነበረውም «ይሂዱ እንጂ ክቡርነትዎ፣ ሥራ ይጠብቅዎታል» አለኝ፤ ፊቱን ከመስተዋቱ ሳያዞር።

አንቺ ነገር ቶሎ ይገባሻልና አላብራራም። ለምን መረጡኝ እያልኩ ከምብሰለሰል ስለ ሴትዮዋ ቦይ ባስብ ይሻለኛል። መቼም ቦዩ እውነት ተደፍኗል።

ጤናሽን ያብዛልሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጣ።

ታናሽ ወንድምሽ

ልረሳው ነበር፦ ልትጠይቂን ስትመጪ ቀን አትምረጪ፣ ሁልጊዜ ቤት ነኝ። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ነው።