የተረፈችው ልጅ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያለሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ደረጃ ላይ ያስቸግረዋል።

ሰሞኑን የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ቅጠል እንዲስሉ ወደ አትክልት ቦታው ወሰድኳቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው እጅ ለእጅ ሲያያዙ አንዲቷ ብቻዋን ቀረች፤ ጓደኛዋ ክረምት ላይ በሳንባ ምች የሞተችባት ናት። ቀኝ እጇን ልይዝ ስል፣ "ቲቸር፣ በግራ ይያዙኝ፤ በዚህ በኩል እሷ አለች" አለችኝ። "እሺ፣ እናቴ" ብዬ በግራዋ ዞርኩ።

ተመልሰን የክፍላችን በር ላይ ስቆጥራቸው አንድ ልጅ ተረፈኝ። ደግሜ ልቆጥር አልደፈርኩም። "ሁላችሁም ግቡ" አልኩና በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ ያንቺ ነገር ያባንነኛል። ወጥተሽ ከመቅረት ይሰውርሽ። ከሥራ ስትመለሺ "ገባሁ" ብቻ በዪኝ፤ ሌላ አላስቸግርሽም።

እናትሽ