ቤቱ ሳይፈርስ ባለቤቱ አይወጣም

ፋሲካዬ፣ መካነ ሰላምን ዛሬ ጉም ውጧት እኔም በቁሜ የማልም ይመስለኛል።

እዚህ ከጅዳ የተመለሰች ኑርጃን የምትባል ሴት አለች። እግሯ ላይ የወጣባት ቁስል በመርፌም በክኒንም አልድን ብሎ፣ እግሯ እንዲቆረጥ ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ቁርዓን የሚያስተምሩት ሼህ ሙእሚን ግን ክኒኑን ሳያስቆሟት፣ በየጠዋቱ በተቀቀለ ቅጠል ውሃ እያጠቡ ቁስሉን የሸፈነውን ዝልግልግ ነገር ሲጠርጉላት ወር ሙሉ አየሁ።

"ቤቱ ሳይፈርስ ባለቤቱ አይወጣም" አሉኝ። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የሚሸሸግበትን ያንን ሽፋን ለማፍረስ ሦስት ዓመት ስንደክም!

ቁስሉ ቀስ በቀስ ቀይ ሥጋ ሞላና ሐኪሙ ቀጠሮውን ሰረዘው። ዛሬ ኑርጃን በሁለት እግሯ ጉሙን እየሰነጠቀች ገበያ ስትወርድ ከኋላዋ ተከተልኳት፤ የምትንሳፈፍ ነበር የምትመስለው።

ሼሁን ቅጠሉን እንዲሰጡኝ ስለምናቸው "ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለማላውቃቸው በሽተኞች" አልኳቸው።

እፍኝ ሙሉ ዘግነው ሰጡኝ። "እንግዲያ ውሰጂ ልጄ፤ አላህ በሰበብሽ ያሽራቸው።"

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ኑርጃንም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች።

ትርንጎ