ኬብሉና የሐጂ ሰይድ ጀልባ

ረቡዕ

ዛሬ መስመሩ የተቋረጠው አንዲት እናት እያለቀሰችብኝ ሳለ ነው። እሷ ወርዳ ሻንጣዋ ከአውቶቡሱ ጋር ጎንደር ሄዶባታል፤ የልጇ የሠርግ ልብስ ነው ውስጡ ያለው። አይዞዎት፣ አሁኑኑ ሹፌሩን አገኘዋለሁ እያልኋት ጭጭ አለ። ጆሮዋ ላይ የዘጋሁባት መሰላት። በሞባይል መልሼ ስደውልላት ያልሰደበችኝ ስድብ የለም። እኔም ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን አልሁ፤ ማለት ስላለብኝ።

ሥራዬ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ አዲስ አበባ ያለ የአውቶቡስ ድርጅት ደንበኞች ሲቆጡ በኢንተርኔት እሰማለሁ፣ አበርዳለሁ። ሰው ማብረድ ትችልበታለች ይሉኛል። የእኔን ንዴት ማን እንደሚያበርደው እንጃ።

ኢንተርኔታችን የሚመጣው በአባቴ ጊዜ በገባው የስልክ ሽቦ ነው። ሽቦው መንገዱን ተሻግሮ ሲመጣ መሀል ላይ ተቀጥሏል፤ መቀጠያው በፌስታል ተጠቅልሏል። ዝናብ ጠብ ካለ ይንጫጫል፣ ከዚያ ይሞታል። ይኸው ሰኔ ገብቷል፣ ዝናቡም መጥቷል። የበጠሱት ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ናቸው። ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ አምና የሠሩትን ከግቢያቸው በእኛ ደጅ አሳልፈው ወደ ሐይቁ ሲያወጡ የጀልባው ጣሪያ ሽቦውን ጎትቶት ሄደ። ይቅርታ እንኳ አላሉም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳያቸው ስልኬን አወጣና የማነብ እመስላለሁ።

ማታ ላይ አለቃዬ ሳምራዊት ደወለች። ድምፅሽ እየተቆራረጠ ደንበኛ እያማረረ ነው አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ጥሪዎቼን ራሷ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። መስመሬ ካልተስተካከለ ወይ አዲስ አበባ ሄጄ ከድርጅቱ የጥሪ አዳራሽ እሠራለሁ፣ ወይ ቦታዬን ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። አዲስ አበባ! ባለቤቴ ደሳለኝ እዚህ ኮሌጅ ያስተምራል። ልጃችን ቤዛ ገና አንደኛ ክፍል ናት። ማን ማንን ትቶ ይሄዳል? ልተወው ብል ደግሞ በአንድ ሰው ደሞዝ ይህ ቤት እንደማይቆም ሁለታችንም እናውቃለን።

ደሳለኝ ወደ ፋይበር እንዙር አለ። ከመንገዱ ማዶ አዲሱ ምሰሶ ተተክሏል፣ ኬብሉ እዚያ ድረስ መጥቷል። ነገ ወደ ስልክ ቢሮው እሄዳለሁ።

ሐሙስ

ሄድሁ። ወረፋ። ከወረፋው በኋላ ሌላ ወረፋ። የተቀበለችኝ ልጅ ትሑት ናት፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ባለሙያዎች በቅርብ ቀን ይመጣሉ አለች። በቅርብ ቀን ማለት መቼ ነው ስላት፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን አለችኝ። ለእኔ! ያችን ዐረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ስላት ነው የምውለው። ለሰው የሚሰጠው ነገር የሌለው ሰው የሚሰጣት ናት።

ቤት ስደርስ አሮጌው መስመር ሞቷል። ስልኩን ባነሣው ድምፅ የለውም። ደወልሁ። ወደ ፋይበር ሲዛወሩ የድሮውን ሲስተሙ ራሱ ይዘጋዋል አሉኝ። አዲሱንስ? አዲሱ ባለሙያ ይፈልጋል። ለመዝጋት ሰው አያስፈልግም፣ ለመክፈት ግን ያስፈልጋል። ሲስተም እያሉ የሚጠሩትን ነገር አንድ ቀን ባገኘው የምለውን አውቃለሁ።

የከሰዓቱን ሥራ በሞባይል ዳታ ሠራሁ። ዳታው ደህና የሚሆነው ጓሮ፣ የዘይቱኑ ዛፍ ሥር ነው። አንድ ደንበኛ፣ እመቤቴ፣ ቢሯችሁ ውስጥ ዶሮ አለ እንዴ አለኝ። የለም አልሁት። ዶሮው ወዲያው ጮኸ።

ዓርብ

መጡ! ሁለት ባለሙያዎች፣ ከነመሰላላቸው፣ ከነኬብል ጥቅልላቸው። ቤዛን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ከምሰሶው እስከ ቤታችን ማዕዘን አዩና መንገዱን አቋርጦ ይዘረጋል አሉ። አንደኛው መሰላሉ ላይ ወጣ።

ሐጂ ሰይድ ሜትር ይዘው ብቅ አሉ። ከመሬት ኬብሉ እስከሚያልፍበት ድረስ ለኩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁና "እዚህ ላይ አይሆንም" አሉ። ለእኔ አይደለም ያሉት፤ ለባለሙያዎቹ ነው። እኔን እንደሌለሁ ቆጠሩኝ።

እዚያው ፈነዳሁ። አምና በጠሱብኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ እንዳይገባ ሊከለክሉኝ ነው ወይ አልኋቸው። ሰፈሩ ሰምቷል። እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "ልጄ፣ ሰኞ ጠዋት ጀልባ ይወጣል" አሉ። ጣሪያ ያለው ጀልባ ነው፣ ኬብሉ ዝቅ ይላል፣ ገዢዎቹ ከደቅ ደሴት ሰኞ ሊረከቡ ይመጣሉ። እንግዲያው ወደ ማክሰኞ ያዙሩት አልሁ። ሰኞ ብያለሁ ብለው ገቡ።

ባለሙያው መሰላሉን አጠፈ። ጎረቤት ካልተስማማ አንዘረጋም፣ ስትስማሙ ደውሉ አለ። ቁጥሩን ሰጥቶኝ ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ዘይቱን ሥር ሆኜ ሰዎችን አበረድሁ። ወጡ አረረ። ሁሉም ነገር አረረ። እራት ላይ እኔ ስለ ሐጂ ሰይድ ስናገር ደሳለኝ እንጀራውን እያየ ይጎርሳል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ተይ እንጂ፣ ሽማግሌ ናቸው ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ



ጠዋት ደሳለኝን፣ ሽማግሌ ይዘህ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሂድልኝ አልሁት። እሺ አለና አልሄደም። ጫማ ፈለገ። ሻይ ጠጣ። ጫማውን አውልቆ እንደገና ጠረገ። ምን ሆነሃል ስለው ቁጭ አለ።

እኛ ሰፈር ጀልባ ሲወጣ ከየቤቱ ሰው ይወጣል። የሚገፋው ይገፋል፣ ከሥር ግንድ የሚያንከባልለው ያንከባልላል፤ በደጁ ሽቦ የሚያልፍበት ደግሞ የራሱን ሽቦ በባላ እንጨት ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ጀልባው በሥሩ ያልፋል። ዱሮ አባቴ ነበር የሚይዘው። አምና ሐጂ ሰይድ በዋዜማው ደሳለኝን መንገድ ላይ አግኝተው፣ ነገ ጀልባ ይወጣል፣ ሽቦውን የሚያነሣ ሰው ከቤት ይላክ ብለውት ኖሯል። እሱ የተማሪዎች ፈተና ወረቀት ተሸክሞ ነበርና እሺ ብሎ ረሳው። ጀልባው ደጃችን ሲደርስ ጠሩ፣ የወጣ ሰው የለም። እኔ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ሥራ ላይ ነበርሁ። ጀልባ ደግሞ ግንድ ላይ ከወጣ መሀል መንገድ አይቆምም።

ይህን ሁሉ ደሳለኝ ያውቅ ነበር። ዓመት ሙሉ! እኔ ሽማግሌ ሰው ፊት ስልክ እያወጣሁ ሳልፍ አጠገቤ ሆኖ ያያል። ለምን አልነገርኸኝም ብለው፣ ትቆጪያለሽ ብዬ አለ። አሁንስ? ያልሁትን እዚህ አልጽፈውም። ቤዛ አንድ ቀን ታነበው ይሆናል።

ሽማግሌ ቀርቶ ብቻዬን ሄድሁ። ጀልባው ግቢውን ሞልቶታል፤ ሰማያዊ ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ሐጂ ሰይድ ተነሡና መቀመጫ አቀረቡልኝ። አሁን ነው የሰማሁት፣ ባለቤቴ አልነገረኝም ነበር አልኋቸው።

"እኔማ ሳልፍ ሁልጊዜ ስልክ ይዘሽ አይሽ ነበር" አሉ። "ሥራ በዝቶባት ነው እል ነበር።"

ይህን ሲሉኝ ከደሳለኝ ይልቅ በራሴ ተናደድሁ። ከዚያ መልሼ በደሳለኝ።

ስለ ሳምራዊት፣ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ቤዛ ነገርኋቸው። ጀልባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው፤ ሳምራዊት ማዳመጥ የምትጀምረው በዚያው ሰዓት ነው። ወደ ከሰዓት ይሁንልኝ ብዬ ለመንሁ። ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፣ አዲስ ጀልባ በማዕበል ውኃ አይገባም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት።

"ኬብልሽ ይግባ" አሉ በመጨረሻ። "የሚያነሣው ሰው ግን ካንቺ ቤት ይሁን። የኔ ልጆች የሰው ሽቦ አይነኩም።"

ባለሙያው ጋ ደወልሁ። ነገ እሑድ ነው፣ አልሠራም አለ። ያን ጊዜ የሥራ ድምፄን አወጣሁ። ገብቶኛል ወንድሜ፣ ዕረፍትዎ እንደሆነም አውቃለሁ፣ እኛም በጣም እናዝናለን፣ ምን ብናደርግ ይቀልልዎታል? እስከ መጨረሻው ሰማኝና ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ አለ። በዚህ ሳምንት ያሸነፍሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

እሑድ

መጣ። ሐጂ ሰይድም ወጥተው መሰላሉን ያዙለት። ቤት ውስጥ በገጠመው የኢንተርኔት ሳጥን ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ለቤዛ ፊልም ከፈትሁላት፤ አንዴም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ። ስልኩን ወደ ዘይቱኑ ሥር መልሰን አንወስድም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ባለሙያው ሲወጣ አንድ ነገር ተናገረ። የዚህ ኬብል ውስጡ እንደ መስታወት ነው፣ ብርሃን ነው የሚሄድበት፤ በኃይል ከታጠፈ መስመሩ ይጠፋል፣ እንደ ድሮው ሽቦ በፌስታል አይጠገንም። ነገ በባላ እናነሣዋለን ስለው ራሱን ያዘ። ቀስ ብላችሁ፣ ካነሣችሁት በኋላም ሳታወዛውዙ አለ። ለአንድ ቀን እንኳ ሳያስጨንቁ አይሰጡም።

ልምምድ አደረግን። ደሳለኝ ባላውን ጫፉ ላይ በቤዛ አሮጌ ሹራብ ጠቀለለው። እሱ ደጅ ሆኖ ያነሣል፣ እኔ በመስኮት መብራቱን እያየሁ እጮኻለሁ። ቀስ! ዝቅ! ኧረ አትንቀሳቀስ! ከቅዳሜ ወዲህ ያነጋገርሁት በዚህ ብቻ ነው። እሱም እሺ፣ እሺ ይላል። ነገ ፈተና የለበትም፤ ቢኖርበትም የሚቀር ይመስለኛል።

ሰኞ

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሳምራዊት መስመሩ ላይ ገባች። እኔ የለሁም ብለሽ ሥሪ አለችኝ። እንዴት ነው የለችም የምለው?

የመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ደህና ሄዱ። ከዚያ አንድ አዛውንት ገቡ። ቁርስ ለመብላት ወርደው አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄዷል፤ ጋቢያቸውም መድኃኒታቸውም ውስጡ ቀርቷል። ልክ መድኃኒቱ የምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የወንዶቹ ድምፅ ተሰማ። አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ ይቀበላል፣ ግንዱ ያጓራል። በመስኮቱ ሰማያዊው ጣሪያ ብቅ አለ። ከፍ ያለ ነው፤ ከፈራሁት በላይ ከፍ ያለ ነው። ዐይኔን ከአረንጓዴው መብራት ላይ አልነቀልሁም።

በስልክ ያሉት አዛውንት፣ ልጄ፣ ምንድን ነው ጩኸቱ አሉኝ። ሳምራዊት እየሰማች ነው። መዋሸት አማረኝ፤ ግን ዶሮው ትዝ አለኝ።

"አባቴ፣ ጎረቤቶቼ ጀልባ እያወጡ ነው" አልኋቸው። "እርስዎ ይቀጥሉ፣ በደንብ ይሰማኛል።"

ሳቁ። መድኃኒቱ የደም ግፊት ነው አሉ። ሹፌሩን አገኘሁት፤ ዕቃቸውን ከፊት ባለው ከተማ ቢሮ እንዲያስቀምጥላቸው ነገርሁትና ሌላ መኪና ላይ ወንበር ያዝሁላቸው። መብራቱ አንዴም ብልጭ አላለም። ጣሪያው አለፈ። ድምፁ ወደ ሐይቁ እየራቀ ሄደ።

ጥሪዎቹ ግን አላቋረጡም፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይገባል። ለዕረፍት ቀና ስል የሳምራዊት መልእክት ደርሶ አየሁ። "መስመሩ ጥሩ ነው። ስለ ጩኸቱ ነገ እንነጋገራለን" ይላል። ምን ማለት ነው? ጥሩ ነው ማለት እዚሁ ቆዪ ማለት ነው? ስለ ጩኸቱስ ምን የምንነጋገረው አለ? መልስ መጻፍ ብጀምርም ተውሁት። እንደገና አነበብሁት፤ የሚለው ያንኑ ነው።

ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ጭቃው ላይ ግንዶቹ የተንከባለሉበት ምልክት እስከ ውኃው ድረስ ተሰምሯል። ደሳለኝ ደጃችን ላይ ባላውን ወደ ላይ እንደያዘ ቆሟል። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሐጂ ሰይድ አጠገቡ ግንድ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ጀልባው ውኃ ገብቶ እኔም ተመልሻለሁ" አሉኝ። "አውርደው ብለው፣ ሥራ ላይ ናት፣ አልነካም አለኝ።"

"አትንቀሳቀስ ብለሽኝ ነበር" አለ ደሳለኝ።

ንዴቴ አልወጣልኝም፤ የአንድ ዓመት ነገር በአንድ ጠዋት አይወጣም። ባላውን ግን ከሥሩ ያዝሁለት፣ ቀስ ብለን አብረን አወረድነው። ከዚያ መብራቱን ለማየት ገባሁ። በርቷል።