የእማዬ መንዙማና አዲሱ ሊኑክስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018፤ ሶባ

ዛሬ ከኻሊድ ጋር ተጣላሁ። ወንድሜ ነው፣ ግን አንዳንዴ ከጠላት ይብሳል። የቤታችን ኮምፒውተር አሁንም ዊንዶውስ ሰባት ነው፤ ኢንተርኔቱ እንኳ እንቢ ብሏል። አዲሱን ዊንዶውስ ደግሞ ይህ ማሽን አይችለውም። ስለዚህ ኻሊድ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ሊኑክስ በፍላሽ ይዞ መጣ። "ያላ፣ በይ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ሞክሪው" አለኝ።

ሞከርኩት። ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ከዚያ የእማዬን መንዙማ ከፈትኩ። ከመሞቷ በፊት በቃሏ ስታወርደው እኔ የጻፍኩት ነው፣ በዚያ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም! ገጹን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሞልቶታል። ያ ፕሮግራም ከአሮጌው ዊንዶውስ ውጭ አይሠራም ለካ።

"ኸላስ፣ በቃ ይጥፋ" አለ ኻሊድ። "እዚህ በሰው አገር፣ በዚህ ቤት አማርኛ ማን ያነባል?"

ደሜ ፈላ። "እኔ አነባለሁ!" ብዬ ፍላሹን ነቅዬ ወረወርኩለት። ለፍጥነት ብዬ እናቴን ላጥፋ? አሮጌው እንዳለ ይቆያል፤ ኢንተርኔት ቢቀር ይቅር።

ፍላሹን አንስቶ እያጉረመረመ ወጣ። በሩ ጋ ጫማውን ሲያጠልቅ ግን ያንኑ መንዙማ ያንጎራጉር ነበር፣ አንድ ቃል ሳይስት። ይኼ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።